ጉሮሮው የማን እንደሆነ

ባለፈው ጸደይ ታምሜ ይሁን ጤነኛ ሆኜ ሳላውቀው የከረምኩበት ጊዜ ነበር። ቀልድ አይደለም። ሰው ሲያመው ይሰማዋል፣ ካላመመው አይሰማውም፤ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የማውቀው እንደዚያ ነበር። ግን ሰው ሁሉ እንደ በሽተኛ ሲያይህ፣ አንተ ደግሞ ምንም ሳይሰማህ ሲቀር፣ ማን ነው ልክ? ሊነግሩኝ ያልፈለጉት ነገር አለ ወይስ የለም? የዚያን ሰሞን ጭንቀቴ ሁሉ ይህን ማወቅ ነበር። ነገሩ የጀመረው ከመኪናዬ ስለሆነ እኔም ከመኪናዬ ልጀምር።

መኪናዬ አሮጌ ላንድክሩዘር ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ልጄ "ዳዲ፣ ምን ያደርግልሃል?" እያለችኝ፣ ከሠፈራችን ከአንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ገዛሁት። በወጣትነቴ አገር ቤት የመንገድ ሥራ መኪና ነድቻለሁ። እዚህ አሜሪካ፣ ኮለምበስ ከመጣሁ ወዲህ ግን ዌርሃውስ ውስጥ ዕቃ ስደረድር ነው የኖርኩት። እንግዲህ እጄ መፍቻ ቢናፍቀው አይፈረድበትም። የምንኖረው ካናል ዊንቸስተር፣ ልጄ በገዛችው ቤት ነው፤ እኔ፣ ባለቤቴና እሷ። ጋራዡ ሰፊ ነው። እሷ አዲሱን መኪናዋን ውጭ ታቆማለች፣ የእኔ አሮጌ ውስጥ ያድራል። በዚህ ትነጫነጫለች፤ ልክ ናት።

መኪናው ሲሠራ የቤንዚን ነበር። አንዱ የቀድሞ ባለቤት ቤንዚኑን ሞተር አውጥቶ የናፍታ ሞተር አስገብቶበታል። ታዲያ ሞተሩን ቀየረ እንጂ ነዳጅ የሚገባበትን ቱቦ አልነካውም። የቤንዚን መኪና እዚህ አገር አፉ ላይ ጠበብ ይደረጋል። ቱቦው ውስጥ ቀለበት የመሰለች ብረት ትበየዳለች፤ ቀጭኑ የቤንዚን መቅጃ በእሷ ያልፋል፣ ወፍራሙ የናፍታ መቅጃ ግን እዚያች ላይ ሲደርስ ይቆማል። ስለዚህ ማደያ በሄድኩ ቁጥር ቂጡ የተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ አፉ ላይ ቀጭን ቱቦ ታስሮበት፣ ይዤ እሄዳለሁ። እሱን ሰክቼ ጠብ ጠብ አደርግለታለሁ። ግማሹ ይገባል፣ ግማሹ ተመልሶ ልብሴ ላይ ይፈሳል። ከኋላዬ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው ያዩኛል። ቤት ስገባ ልጄ "ደግሞ ጋዝ ጋዝ ትሸታለህ" ትለኛለች። ጋዝ ለእኔ የፋኖስ ነው። እነሱ ግን ቤንዚኑንም ጋዝ፣ የምድጃውንም ጋዝ ይሉታል። እሱም ሲያደናግረኝ ይኖራል።

ያንን ቱቦ እዚህ በእንግሊዝኛ አንገት ነው የሚሉት። እኔና ጓደኛዬ ግን ጉሮሮ እንለዋለን። ጓደኛዬ አገር ቤት ጋራዥ የነበረው ሰው ነው፤ እዚህ ከክሊቭላንድ አቬኑ ገባ ብሎ ይኖራል። ሲያገኘኝ "አንተ ዝገት፣ እስካሁን አለህ?" ብሎ ነው ሰላም የሚለኝ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ እሱ ጴንጤ ነው፤ በዚያም እንቀላለዳለን። የመኪና ነገር ሲቸግረኝ የምደውለው ለእሱ ነው።

አንድ ቅዳሜ ክሊቭላንድ አቬኑ ካለችው ሱቅ በርበሬና ምስር ልገዛ ገባሁ። ባለሱቋን ሰው ሁሉ እትዬ ይላታል፤ እኔም በዕድሜ ብበልጣትም እትዬ እላታለሁ። ምስሩን እየመዘነችልኝ ሳለ ጓደኛዬ ደወለ። ጆሮዬ ደከም ስላለ በስልክ ሳወራ እጮኻለሁ፤ የሚሰማኝ ሰው ከእኔ በላይ የማይሰማ ይመስለኛል።

"ጉሮሮው ነው ችግሩ" አልኩት። "ጠቧል። አዎ፣ ቀጭን ቀጭኑን ይቀበላል፣ ወፈር ያለ ነገር አላስገባም ይላል። በቱቦ ነዋ! በምን ይግባ ታዲያ? እሱም ቢሆን ግማሹ ተመልሶ ልብስ ያበላሻል።"

ጓደኛዬ ወዲያ ማዶ የሚለውን ይላል።

"መቆረጥ አለበት፣ ሌላ መላ የለውም" አልኩ። "ውስጡ የበቀለችው ነገር ተቆርጣ ካልወጣች ለውጥ የለም። ለልጄ? አልነገርኳትም። ምን ብዬ ልንገራት? አይቆረጥም ብላ ታስቸግረኛለች። እኔማ ይህን ዓመት ካሳለፈልኝ ይበቃኛል፣ ከዚያ በላይ ምን እፈልጋለሁ።"

ስልኩን ስዘጋ እትዬ ምስሩን በእጇ እንደያዘች ቆማለች።

"ጋሼ" አለችኝ ዝግ ብላ፣ "ይኼ ድፍን ነው። ይከብድዎታል። ክክ ልስጥዎት? የላመ ሽሮም አለኝ።"

"ምስር መቼ ከብዶኝ ያውቃል!" ብዬ ሳቅኩ።

እሷ አልሳቀችም። ምስሩን ሰጠችኝ፣ ሽሮውንም ጨምራ ከረጢቱ ውስጥ ከተተች፣ "ይኼ የእኔ ነው" አለች፣ በር ድረስ ሸኘችኝ። ደግ ሴት ናት ብዬ ወጣሁ።

በማግስቱ እሁድ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስገባ እንደወትሮው በአንድ እጅ ሰላም የሚሉኝ ሰዎች በሁለት እጃቸው ያዙኝ። ይዘውም ቶሎ አልለቀቁኝም። አንዱ ከኋላ ወንበር አምጥቶ "ቁጭ ይበሉ፣ ጋሼ" አለኝ። መቆም የማይችሉት የሚቀመጡበት ወንበር ነው። እኔ እችላለሁ አልኩት። "እሱማ ይችላሉ" አለና ወንበሩን እዚያው ትቶልኝ ሄደ። ቅዳሴው እስኪያልቅ ወንበሩ እኔን ሲያይ፣ እኔ ወንበሩን ሳይ ቆየን። በኋላ ቄሱ ጠጋ ብለው በጠርሙስ ጠበል ሰጡኝ።

"ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ። ቀስ እያሉ ይዋጡት፣ እንዳያስቸግርዎ።"

"ለምኑ ነው አባታችን?"

"ለሁሉም ነው" አሉኝ። "ለሁሉም ነገር ነው ልጄ።" በዕድሜ እኩያዬ ናቸው፤ ልጄ ብለውኝ አያውቁም ነበር።

ከዚያ ሰው ወደ ቤታችን መምጣት ጀመረ። ሾርባ ይዞ የማይመጣ የለም። የምስር ሾርባ፣ የዱባ ሾርባ፣ የካሮት ሾርባ፣ ሁሉም ተፈጭቶ ውሃ የመሰለ። መጥተው ይቀመጣሉ፣ ስለ አየሩ ያወራሉ፣ እኔን ያዩና "እግዚአብሔር ትልቅ ነው" ይላሉ። ትልቅ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ለምን ዛሬ?

ባለቤቴን ኩሽና ገብቼ ጠየቅኳት። "ሰዉ ምን ሆኗል?"

"ምን ይሆናል? ይወዱሃል" አለችና ፊቷን ወደ ሳህኖቹ አዞረች። ሳህኖቹ ታጥበው ያለቁ ነበሩ።

እራትም ተለወጠ። ሥጋው ተፈጭቶ መምጣት ጀመረ፤ እንጀራው ፍትፍት ሆኖ፣ ፍትፍቱም እንደገና በማንኪያ ተደቁሶ። እኔ ጥርሴ አልወለቀ። ስበላ ደግሞ ሁለቱም፣ ልጄም ባለቤቴም፣ መብላታቸውን ትተው ጉሮሮዬን ያያሉ። ስውጥ አብረውኝ ይውጣሉ።

እውነተኛ ፍርሃት የገባኝ ግን ጓደኛዬ የመጣ ቀን ነው። በሩን ከፍቼ "ዝገት" እስኪለኝ ጠበቅኩ።

"እንደምን ዋልክ ወንድሜ" አለኝ።

ወንድሜ! ገብቶ ተቀመጠ። እኔ አንድ ነገር ቢለኝ ብዬ፣ "ያ መኪና አሁንም ከእነ ጉሮሮው ቆሟል" አልኩት። ዓይኑ እንባ ሞላ።

"ስለ መኪናው አታስብ" አለኝ። "መኪናው ይደርሳል።"

"ምን ሆነሃል አንተ?"

"እኔማ ምን እሆናለሁ። ልጸልይልህ? ቅር ይልሃል?"

ለሃያ ምናምን ዓመት ስንቀላለድ ኖረን አንድ ቀን ልጸልይልህ ብሎኝ አያውቅም። ቅር አይለኝም አልኩት። እጁን ጉሮሮዬ ላይ አደረገና ዓይኑን ጨፈነ። ባለቤቴ በበኩሏ ከጓዳ ወጥታ ቄሱ የሰጡኝን ጠበል አጠገቤ አስቀመጠች፣ አንዱ እንኳ ቢይዝ ብላ ይሆናል። እኔ መሀል ተቀምጬ፣ የጓደኛዬ መዳፍ አንገቴ ላይ እየሞቀኝ፣ 'ጉሮሮዬን ለምን?' እያልኩ አሰብኩ። ጨርሶ ሲነሳ መልሼ ልጠይቀው አፌን ከፈትኩ። አቀፈኝና ሄደ።

በዚያው ሳምንት ልጄ "ዳዲ፣ ቼክአፕ አለህ" አለችኝ። ቼክአፕ ተጠርቼ የማውቀው በበጋ ነው። ይዛኝ ሄደች። ልጄ ከሥራዋ ጎን ለጎን ዩኒቨርሲቲው ሠፈር ነርሲንግ ነው የምትማረው፣ ክፍል ቀርታ ነው የወሰደችኝ፤ ያንን ራሱን ሳስበው አልወደድኩትም። ዶክተሩ ወጣት ነው። ደረቴን አልነካም፣ ደሜን አልለካም። በቀጥታ በአፍንጫዬ በኩል ቀጭን ገመድ የመሰለ ነገር ከነመብራቱ ሰደደና ወደ ጉሮሮዬ አየ። ቀጭን መሆኑ በጀኝ። ወፍራም ቢሆን እኔም እንደ መኪናዬ አላስገባም እል ነበር።

ሲጨርስ ወደ ልጄ ዞሮ መናገር ጀመረ። ረጅም ነው የተናገረው። እሷ ጠየቀች፣ እሱ መለሰ፣ እሷ ራሷን ነቀነቀች፣ እሱ በእጁ እያሳየ ሌላ ነገር ጨመረ። እኔ አንዱን ፊት ከሌላው ፊት ሳይ ቆየሁ። የያዝኩት ቃል "ፋዘር" የሚለውን ብቻ ነው።

"ምን አለ?" አልኳት።

"ምንም የለብህም።"

"ያ ሁሉ ወሬ ምንም የለብህም ነው?"

"አዎ ዳዲ። ዩ አር ፋይን።"

መኪና ውስጥ ስንገባ በመስታወቱ አየኋት፤ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። እኔም ወደ ውጭ ማየት ጀመርኩ፣ እንዳላየኋት እንድታስብ።

እዚህ ላይ ልጆቻችን የማይገባቸውን አንድ ነገር ልናገር። በእኛ ዘንድ ከባድ በሽታ ለበሽተኛው አይነገርም። ለቤተሰብ ይነገራል፣ ቤተሰብ ይሸከመዋል። በሽተኛው "ምን አሉኝ?" ሲል "ምንም የለብህም አሉ" ይባላል፤ ይህ ውሸት አይባልም፣ ፍቅር ነው የሚባለው። እኔም እንዲህ ያለ አልጋ አጠገብ ስንት ጊዜ ተቀምጫለሁ። ታዲያ ችግሩ ይህ ነው፤ ምንም የሌለበት ሰውም ቢሆን የሚባለው ያው "ምንም የለብህም" ነው። ለጤነኛውም ለሟቹም አንድ ቃል ካለን፣ እኔ የቱ እንደሆንኩ በምን አውቃለሁ? ልጄን መልሼ ብጠይቃት ያንኑ ትለኛለች። ማዪልኝ ብላት ትምልልኛለች። እወዳታለሁ፣ ስለዚህ አላምናትም።

ባለቤቴም እንደኔው ኖራለች። ልጃችን "ማሚ፣ ምንም የለበትም" ስትላት ሰማኋት፤ "እሺ" አለቻት። ከዚያ ለብቻዋ ስትሆን "ለእኔም ደበቀችኝ" ስትል ሰማኋት። ሾርባው ቀጠለ።

ከዚያ በኋላ ጉሮሮዬ ይሰማኝ ጀመር። ምራቄን ስውጥ እየቆጠርኩ የምውጥ ሆንኩ። አንድ ቦታ ላይ፣ ግራውን ይዞ፣ የሆነች ነገር ያለች መሰለኝ። ትናንት ነበረች? አላውቅም። ዕድሜዬን ሙሉ ስውጥ ልብ ብዬው አላውቅ። እንግዲህ የመኪናው ጉሮሮ ጠቦ ሳለ የእኔም ጠበበ ማለት ነው? እንዲህ ያለ መገጣጠም አለ እንዴ? መስታወት ፊት አፌን ከፍቼ የእጅ ባትሪ አበራሁበት። ቀይ ነው። ቀይ መሆን አለበት? የለበትም? የሚጠየቅ ሰው አጣሁ፤ የምጠይቀው ሁሉ ይወደኛል።

በርበሬ አልቆ ወደ እትዬ ሱቅ ተመልሼ ሄድኩ። ስታየኝ ከመደርደሪያው ኋላ ወጣች።

"ወጥተው ወርደው መምጣትዎ! እግዚአብሔር ይመስገን። እንዴት ነው አሁን፣ ይወርድልዎታል?"

"ምኑ?"

"ምግቡ፣ ጋሼ።"

"ለምን አይወርድም?"

ጠጋ ብላ "እኔ ሰምቻለሁ" አለችኝ። "ያን ቀን እዚችው ቆመው በስልክ ሲነግሩት ሰማሁ። ሰው ላይ ጆሮ መጣል ነውር ነው፣ ግን እርስዎም ይጮኹ ነበር። ጉሮሮው ጠቧል፣ በቱቦ ነው የሚገባው፣ ውስጡ የበቀለ አለ፣ ይቆረጣል፣ ለልጄ አልነገርኳትም… ምን ላድርግ? ቤት ሄጄ አለቀስኩ። ለባለቤትዎ ነገርኳት። ይቅር ይበሉኝ።"

የተናገርኩትን ሁሉ አንድ በአንድ በሐሳቤ መለስኩት። አማርኛችን እንዲህ ነው፤ ጉሮሮው ስትል የእሱ ጉሮሮ ይሆናል፣ የተናጋሪው የራሱም ይሆናል፣ የመኪናም ይሆናል። ቃሉ ራሱ የማን እንደሆነ አይናገርም።

"እትዬ!" አልኳት፣ "እሱ የመኪናው ነው!"

"እሺ" አለችኝ።

"እውነቴን ነው። ላንድክሩዘሩ። ነዳጅ የሚገባበት ቱቦ ጠቦት ነው።"

"እሺ ጋሼ፣ የመኪናው ነው።" እንባዋ መጣ። "የመኪናው ይሁን።"

"ቆይ!" ብዬ ለጓደኛዬ ደወልኩና ድምፁን ከፍ አደረግኩት። "ስማ፣ ያን ቀን ስለምን ነበር ያወራነው? ጉሮሮው የማን ነው? ንገራት።"

"የ… መኪናው ነው" አለ። "የመኪናው ነው ብለኸኛል።"

"ብለኸኛል ማለት ምንድነው? ነው በላት እንጂ!"

"ወንድሜ፣ እኔም መጀመሪያ የመኪናው መስሎኝ ነበር። ኋላ ሰው ሁሉ ሲነግረኝ፣ ለካ መኪናውን ሰበብ አድርጎ ስለራሱ ነው የነገረኝ አልኩ። ሰው አንዳንዴ እንደዚያ ያደርጋል።"

እትዬ "አዩ" እንደማለት ተነፈሰች። ስልኩን ዘጋሁት። በርበሬውን ይዤ ወጣሁ፤ ደግሞ በር ድረስ ሸኘችኝ።

ወደ ቤት ስነዳ ነገሩ የተፈታ መሰለኝና ለብቻዬ ሳቅኩ። ወሬው ከእኔው አፍ ነው የወጣው፤ በቃ፣ ጤነኛ ነኝ። ትንሽ እንደሄድኩ ግን ሳቄ ጠፋ። ወሬው ሐሰት ነበር፣ እሺ። ግን በሐሰት ወሬ ተነስተው ዶክተር ጋ ወሰዱኝ፣ ዶክተሩ ግን በእውነት አይቷል። ካየ በኋላ ነው ያን ሁሉ የተናገረው። ልጄ ያለቀሰችውም ከዚያ በኋላ ነው። ሰው ያልጠፋ በግ ፍለጋ ወጥቶ ሌላ የጠፋ ሊያገኝ ይችላል እኮ። ግራው በኩል ያለችው ነገር ደግሞ አሁንም አለች።

እንደዚያ ግራ ተጋብቼ ስከርም፣ ቢያንስ የመኪናውን ልጨርስ አልኩ። ከሞትኩ መኪናው ለአንድ ሰው ይደርሳል፤ ያ ሰው የሃይላንድ ጠርሙስ ይዞ ማደያ ሲንከራተት አይኑር። ካልሞትኩም ለራሴ ይሆነኛል።

በአንድ የሥራ ቀን፣ ልጄ ትምህርት ቤት፣ ባለቤቴ ውስጥ ሳለች፣ የጋራዡን በር ከፍቼ ጀመርኩ። ቱቦውን ከመኪናው ገላ ጋር የያዙትን ብሎኖች በካቻቢቴ ፈታሁ፤ አንደኛው ዝጎ ስለነበር ብዙ አስለመነኝ፣ እኔም ብዙ ለመንኩት። ከታች ከታንከሩ ጋር የሚያገናኘው ጎማ ደርቆ ተጣብቋል፣ በቢላ ቀደድኩትና አላቀቅኩት፤ አዲስ ጎማ አስቀድሜ ገዝቻለሁ። የታንከሩን አፍ በጨርቅ ደፈንኩ። ቱቦውን አውጥቼ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ወደ ውስጥ አየሁ። ቀለበቷ አለች፤ ከኋላዋ በስፕሪንግ የምትዘጋ ትንሽ ክዳን አለች። ክዳኗን በፒንሳ ነቀልኳት። ለቀለበቷ ድሪል ነበረኝ፤ ግን ነዳጅ በነካው ብረት ላይ እሳት የሚረጭ ነገር አላቀራርብም። ክቡን ሞረድ ይዤ በእጄ ሞረድኩ። ቀስ እያልኩ። አንገቴ ሲደክመኝ አረፍ እላለሁ፣ ምራቄን እውጣለሁ፣ 'አለች' እላለሁ፣ እንደገና እሞርዳለሁ።

ቀለበቷ ስፋቷ የሚበቃ መሰለኝ። ቱቦው ውስጥ ግን የብረት ብናኝ ቀርቷል፤ እሱ ታንከሩ ውስጥ ከገባ ሞተሩን ይጎዳል። አንስቼ ከአንድ ወገን አፌን ገጠምኩና በኃይል ነፋሁ። ብናኙ ወጣ። የቀረች ናፍታ ግን ወደ እኔ መጣችና ከንፈሬን ነካችኝ። ልተፋ ስል ልጄ በጋራዡ በር ላይ ቆማለች። ቦርሳዋ ከትከሻዋ ወደቀ።

"ዳዲ! ዋት አር ዩ ዱዊንግ?"

"ጉሮሮውን እየ—"

"አፍህ ውስጥ ምንድነው? ጋዝ ነው? ጋዝ ጠጣህ?"

"ናፍታ ነው።"

"ናፍታ ዋት ኢዝ ናፍታ!" መጥታ ቱቦውን ከእጄ ነጠቀችኝ። "አር ዩ ክሬዚ? ሰው ሁሉ ስለ ጉሮሮህ ይጸልያል፣ ማሚ እንቅልፍ የላትም፣ እኔ ክላሴን ስኪፕ አድርጌ ዶክተር ጋ ወሰድኩህ፣ ጉሮሮው ፐርፌክት ነው ተባልኩ፣ አንተ እዚህ ተቀምጠህ ናፍታ ታጠጣዋለህ!"

"ፐርፌክት አለ?"

"ሌላ ምን ይበል?"

"ብዙ ነው ያወራችሁት።"

"ስለ እኔ ነው! ነርሲንግ እማራለሁ ስለው የት ነው አለኝ፣ እሱም እዚያው ነው የተማረው፣ ስለ አስተማሪዎቹ ነው ያወራኝ። ኦ ማይ ጋድ፣ ልብስህን እየው!"

"አልቅሰሽ ነበር።"

"ደስ ብሎኝ ነዋ! ሰው ደስ ሲለው አያለቅስም? ሪሊፍ ነው! ግን ለምን አልጠየቅከኝም?"

"ብጠይቅሽ ያው ምንም የለብህም ትዪኝ ነበር።"

"ምክንያቱም ምንም የለብህም!" ብላ ጮኸች። ሠፈሩ ጸጥ ያለ ነው፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ጎረቤት ሣር ማጨዱን አቆመ። "አንተ ራስህስ? ጠቧል የተባለው ይኼ የመኪናህ ቱቦ ነው ብለህ ለምን አልነገርከኝም?"

"የማን እንደሆነ እኔም አላወቅኩም ነበራ!"

ባለቤቴ እጇን እየጠረገች ወጣች። "ምን አደረገ?"

"ናፍታ ጠጣ!"

"አልጠጣሁም" አልኩ። "ነፋሁ።"

"ነፋሁ!" አለች ባለቤቴ። "እኔ ሥጋ ስደቁስ ክንዴ ወልቆ፣ እሱ ይነፋል! አንተ ሰውዬ፣ አፍህ የት እንደሚውል አታውቅም? ምን ዓይነት ሽማግሌ ነህ? እንደ ሕፃን ያገኘኸውን ሁሉ አፍህ ውስጥ ትከታለህ?"

ሁለቱም ጀመሩ። አንዷ በአማርኛ፣ አንዷ ግማሽ በእንግሊዝኛ። የጋራዡን ወለል፣ የተቀደደውን ጎማ፣ በነዳጅ የራሰውን ሸሚዝ፣ ውጭ የምታድረውን አዲሷን መኪና፣ አንድም አልቀረም፤ ሁሉም በየተራው ወጣ። እኔ በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ ሰማሁ። ያኔ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ፤ እነዚያ አልጋዎች አጠገብ ተቀምጬ ስንት ነገር ሰማሁ፣ ቁጣ ግን ሰምቼ አላውቅም። ለሚሞት ሰው "እሺ" ነው የሚባለው። የፈለገውን ቢል እሺ፣ የማይሆን ነገር ቢጠይቅ እሺ። እትዬ እሺ ብላኛለች፣ ጓደኛዬ ወንድሜ ብሎኛል፤ ያስፈራኝ ለካ እሱ ነበር። እነዚህ ሁለቱ ግን ምንም አዘኔታ የላቸውም። ፊታቸውን ፈተሽኩ፤ የተደበቀ ነገር የለም፣ ንዴት ብቻ ነው።

ምራቄን ዋጥኩ። የናፍታ ጣዕም አለው። ግራ በኩል የነበረችውን ነገር ፈለግኳት፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ የት እንደነበረች ራሱ ጠፋብኝ።

ልጄ ቱቦውን በእጇ እንደያዘች ገልበጥ አድርጋ ወደ ውስጡ አየች። "ይኼን ነው ቆርጠህ ያወጣኸው?" አለች፣ ትንሽ ቀዝቀዝ ብላ።

"እሷን ነው። ጠርዟ ግን ገና ነው፤ መቅጃውን ትቧጭረዋለች። ሞረዱን አቀብዪኝ።"

ሞረዱን ከወለሉ አንስታ ከኋላዋ ደበቀችው። "ኖ!"

"ትንሽ ናት የቀረችው።"

"ኖ አልኩህ! መጀመሪያ አፍህን ትታጠባለህ፣ ሸሚዝህን ትቀይራለህ፣ ይኼን ቱቦ ደግሞ እኔ ነኝ በሳሙና የማጥበው፣ በአፍህ አይደለም!"

ባለቤቴ "አትስጪው!" አለች ከበሩ።

ተነሳሁ። መታጠብም መቀየርም ነበረብኝ፣ ትክክል ናቸው። ግን አንድ ጊዜ ብቻ ቆም አልኩና እጄን ዘረጋሁ፤ ሞረዱን ስጪኝ አልኳት እንደገና፣ እንደገና እንድትከለክለኝ።